በስለት ጨረታ ያሸነፍኳት ፔኒ

ለታቦት በስለት የገባ ዕቃ ጨረታ ላይ ሲወጣ፣ ያሸነፈው ሰው የገዛው ምኑን ነው? ዕቃውን ነው ወይስ በረከቱን ብቻ? ብዙ አሰብኩበት። ሁለት ካህናት ጠየቅሁ፤ የማይገናኝ መልስ ሰጡኝ። መጻሕፍት አገላበጥኩ፤ አላገኘሁም። መልሱን ዛሬም አላውቀውም። የዚያን ዕለት ግን መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ነው የቆምኩት።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በአንኮበር በኩል ባለች አንዲት የገጠር ደብር ነው። ከሐሳቤ ያልወጣው ሕዝብ ፊት ስለቆምኩ አይደለም። እዚያ ቆሜ ካደረግሁት ውስጥ አንዷ ነገር ትክክል ስላልነበረች ነው። እኔ ደግሞ ትክክል ያልሆነ ነገር አያስተኛኝም።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም።

ሙሉ እባላለሁ፤ ያደግሁት ደነባ አጠገብ ነው። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲገቡ እኔ ቤት ቀረሁ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ልሠራ መጥቼ የማታ ትምህርት ልመዘገብ ስሄድ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። መዝጋቢው አየኝና "የልጅሽ ስም ማነው?" አለኝ። "የምመዘገበው እኔ ነኝ" አልኩት። አንደኛ ክፍል ገባሁ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። አሁን እዚያው ከተማ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። መጽሐፍ ቦታውን ስቶ ሲቀመጥ ምግብ አይዋጥልኝም። ተማሪዎቹ ከኋላዬ "ሚዛን" ይሉኛል። እሰማለሁ።

ከዓመታት በፊት ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ካርቶን ስንፈታ፣ ከመጻሕፍቱ መሐል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ወጣ። የእንግሊዝ አገር ሳንቲሞች ዝርዝር ነው። ለተማሪ አይጠቅምም ተብሎ ከሚወገደው ክምር ላይ ተጣለ። አስፈቅጄ ወሰድኩት። ያን ክረምት መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንግሊዝኛዬ እውነተኛ እንግሊዝኛ የሆነው በዚያ ክረምት ነው።

መጽሐፉ ያስተማረኝ ነገር ቀላል ነው። ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ዓይነት ዓመት ይዘው፣ አንዱ ተራ ሌላው ብርቅ ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው አንዳንዴ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ፊደል ናት። ይህንን ሳነብ፣ ለካ በዚህ ዓለም ላይ ለእኔ ዓይነት ሰው የተሠራ ነገር አለ አልኩ።

ገንዘብ ግን የለኝም። የብር ሳንቲም ከሆነ አንጥረኞቹ በግራም ይገዙታል፤ እነሱን መወዳደር አልችልም። ስለዚህ ማንም የማይፈልገውን ያዝኩ፤ ትልቁን ቡናማ ፔኒ። ጣሊያን ሲወጣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በአገራችን ብዙ ሳንቲም ገብቷል። አብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከወታደር ኪስ የወጣ፣ የራሳቸው አገር ፔኒ ይገኛል። እኔ ከቆራሌዎች የብረት ክምር ውስጥ እየፈለግሁ ነው የማገኘው። አንዱን ከአሮጌ የበር ማጠፊያ ሥር እንደ ዋሸር ገብቶ አገኘሁት፤ መሐሉ ተበስቷል። አንዱን አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ወርጄ ከአንዲት ቅመም ሻጭ ላይ ገዛሁ። በዓመት ሁለት ካገኘሁ ጥሩ ዓመት ነው።

ለሰው ግን አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? ጎረቤቴ ለጣሪያ ቆርቆሮ ብር በምታጠራቅምበት ግቢ ውስጥ ሆኜ፣ "እኔ ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ ፊት ያለበት ዝገት እሰበስባለሁ" ይባላል?

ለረጅም ጊዜ የምፈልጋት አንዲት ፔኒ ነበረች። በእነሱ አቆጣጠር የ1919 ናት። የዚያን ጊዜ በነበረው ጦርነት ምክንያት መንግሥታቸው ሳንቲም መምታቱን ለግል ፋብሪካዎችም አካፍሎ ነበርና፣ አንዱ ፋብሪካ ከዓመቱ በስተግራ "ኬ" እና "ኤን" የሚሉ ሁለት ደቃቅ ፊደላት አኑሯል፤ ሌላው ደግሞ አንዲት ፊደል ብቻ። ተራዋ በሽ ናት፤ ሁለቱ ፊደላት ያሉባት ግን ጥቂት ናት። የዓለም ሀብታሞች የሚሻሙባት ዓይነት አይደለችም። ለእኔ ግን በመጽሐፌ ላይ ባዶ የቀረች መስመር ነበረች።

ወደ ዕለቱ ልመለስ።

እትዬ አስካለ የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ ማኅበሩን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ጨዋታ አዋቂ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ጉልበታቸው ግን የሚያስቸግራቸው ሴት ናቸው። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለነበር ሚኒባስ ተኮናተሩልንና ማኅበርተኛው ሁሉ ማለዳ ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር።

ታቦቱ ከገባ በኋላ የስለት ዕቃ ጨረታ ተጀመረ። የሚያጫርቱት መምሬ ጽጌ የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ቄስ ናቸው። ጃንጥላ ወጣ። መጋረጃ ወጣ። ጧፍ ወጣ። አንድ አውራ ዶሮ ወጣ። በእኛ አገር ልማዱ ይታወቃል፤ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ይከፍልና "መልሻለሁ" ይላል። እልል ይባላል። ዕቃው እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። ጃንጥላዋን ጋሽ ግርማ የሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት አሸነፉና መለሱ። ሌላ ሰው አሸነፈና መለሰ። እንደገና ጋሽ ግርማ አሸነፉና መለሱ።

"ይቺ ጃንጥላ ሦስቴ ተሽጣ አንዴም ሳትዘረጋ ልትሞት ነው" አሉ እትዬ አስካለ በጆሮዬ።

ከዚያ መምሬ ጽጌ ከአንዲት ሙዳይ ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ማውጣት ጀመሩ። ቀለበት። የብር ጆሮ ኩክ ማውጫ። አጠገባቸው አንዲት መነኩሲት ተቀምጠው፣ ዕቃው ለዓይን እንዲያምር በሎሚ ልጣጭና በአመድ እያሹ ያቀብሏቸዋል። ቀለበቱን አሽተው እንደ መስታወት አድርገውት ነበር።

"ይህቺ ደግሞ ሳንቲም ናት" አሉ መምሬ። "አንድ አባት ከብታቸው ድኖላቸው ከቆላ የላኳት ናት። የ1919 ዓመተ ምሕረት ናት፤ ከጣሊያን በፊት!" ብለው ለመነኩሲቷ ሰጧቸው።

በእኛ አቆጣጠር 1911 ወይም 1912 መሆኑን ልናገር ከንፈሬን በላኝ። ስፋቷንና ቡናማነቷን ግን ከተቀመጥኩበት ሆኜ አውቄያለሁ። ፔኒ ናት።

መነኩሲቷ ሎሚውን አነሱ።

"እማሆይ፣ እንዳያሿት" ብዬ ጮህኩ።

ሰው በተሰበሰበበት ጮሄ አላውቅም። ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሣሁ አላውቀውም። የማታውቁ ብትኖሩ፣ መቶ ዓመት የቆየ ነሐስ ቡናማ መልኩን የሚለብሰው ቀስ በቀስ ነው። አንዴ በአመድ ከታሸ አይመለስም። የታሸ ሳንቲም ለሰብሳቢ የሞተ ሳንቲም ነው። ይህን ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም። "እንዳያሿት" ብቻ ነው ያልኩት። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ።

"ምን አገኘሽ ልጄ?" አሉ መምሬ።

"ልያት አባቴ?"

"እዪ። ማየት በነጻ ነው።" ሰው ሳቀ።

ሄድኩና በጠርዟ ያዝኳት። መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አወረድኩ። ከዓመቱ በስተግራ ፊደላት አሉ። ኬ። ኤን። ኤኗ ግማሿ አልቋል፤ አንድ ፊደል ብቻ ያለበት የሌላው ፋብሪካ ሥራ ግን አይደለም። ሦስት ጊዜ አየሁ፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ወደ ፀሐይ አዘንብዬ፣ አንዴ ዓይኔን ጨፍኜ ከፍቼ። መለስኩላቸውና ቦታዬ ተቀመጥኩ።

ጨረታው ተከፈተ። አንዱ ሃያ ብር አለ። እኔ ሃምሳ አልኩ። እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ ባልጮህ ኖሮ።

ጋሽ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ። "ይቺ ዝምተኛ ሴት የጮኸችለት ነገር በረከት ቢኖረው ነው። አምስት መቶ" አሉ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ደስ ብሏቸው ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ነበረኝ፤ በማግስቱ የመነጽሬን መስታወት ላስቀይርበት ነበር። ስድስት መቶ አልኩ። እሳቸው ሺህ አሉ። ሺህ አንድ መቶ አልኩ።

"ይቺስ እንደ ጨው ቆንጥራ ነው የምትጨምረው" አለ አንዱ ከኋላ። እውነቱን ነው። እሳቸው በአምስት መቶ ሲዘልሉ እኔ በመቶ እከተላለሁ። እትዬ አስካለ ነጠላዬን እየጎተቱ፣ "አንቺ ሙሉ፣ ጤና ነሽ? ለመዳብ?" ይሉኛል። ነሐስ ነው ልላቸው ፈልጌ ተውኩት።

ጋሽ ግርማ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሲሉ፣ "ሦስት ሺህ አራት መቶ" አልኩና ቦርሳዬን ከፍቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚህ በላይ እንደሌለኝ ታየ መሰለኝ። እሳቸውም አዩና፣ "በረከቱ ለእሷ ይሁን" ብለው ተዉልኝ።

"አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ!"

ሄጄ ከፈልኩ። መምሬ ጽጌ ተቀበሉ፤ መረቁኝ። ከዚያ ፔኒዋን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩና፣ "እህታችን ለእመቤታችን መልሳለች!" አሉ። እልልታው ቀለጠ።

እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ስለሚመልስ እኔም እንደመለስኩ ተቆጠረ።

"አልመለስኩም" አልኩ። በእልልታው አልተሰማም።

መምሬ ሁለተኛውን ጨረታ ሊከፍቱ፣ "በስንት እንጀምር?" ማለት ሲጀምሩ፣ ወደፊት አንድ እርምጃ ሄጄ፣ "አባቴ፣ እኔ አልመለስኩም" አልኩ። አሁን ተሰማ። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ የሚሰማው የዚያ አውራ ዶሮ ድምፅ ብቻ ነበር።

"ምን አልሽ ልጄ?"

"ጨረታ ነው ያላችሁት። አሸነፍኩ። ከፈልኩ። ልቀበል።"

"ልማዱ እኮ..."

"ልማዱን አውቃለሁ። እኔ ግን አልመለስኩም።"

እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ፔኒዋን በጭብጣቸው ይዘዋል። እጄን አላጠፍኩም። ያን ያህል ዘርግቼ መቆየቴ እኔንም ገርሞኛል። ትምህርቱን ለወንድሞችሽ ተዪ ሲሉኝ የተውኩ፣ ደመወዜን አምጪ ሲሉኝ ያመጣሁ ሰው ነኝ። የዚያን ዕለት ግን ክንዴ ድንጋይ ሆነ።

እትዬ አስካለ እያነከሱ መጡና፣ "መልሺ እንጂ፤ ደግመሽ ታሸንፊያታለሽ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"በምኔ?" አልኳቸው።

ጋሽ ግርማ ተነሡ። "እንዲህ እናድርግ" አሉ። "የከፈለችውን እጥፍ እኔ ልስጣት። ሳንቲሟ ለቤተ ክርስቲያን ትቅር። ማንም አይጎዳም።"

"አልሸጥም" አልኩ።

"ለምን?"

ለምን? እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በቀላሉ፣ "ስለምፈልጋት" ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ቃሏ ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል "ስለምፈልጋት" ማለት፣ ራቁትን እንደመቆም ሆነብኝ።

ዝም ስል አንዲት ሴት ከኋላ፣ "ታይቷት ይሆናላ! በሕልሟ ታይቷት ነው!" አለች። ቃሉ እንደ እሳት ተያያዘ። "ታይቷት ነው፤ ለዚህ ነው አታሹ ያለችው።" "ከመነሻው ቆማ ነበር እኮ።"

መምሬ ጽጌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ታይቶሽ ነው ልጄ?" አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

አዎ አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። ግን አንገት መድፋት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መምሬ ፔኒዋን ሦስት ጊዜ ሳሟትና መዳፌ ላይ አኖሯት። እልልታው ከመጀመሪያው በላይ ሆነ። ጋሽ ግርማ እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሸሸሁ።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የፊት ወንበሩን ለቀቁልኝ። ጠዋት ከኋላ ተጣብቄ የመጣሁት ሴት ማለት ነው።

ፔኒዋን በመውሰዴ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ይህን በግልጽ ልበለው። ቤቴ ገብቼ በአጉሊ መነጽር ያየኋት ጊዜ፣ ከመጽሐፌ ላይ ባዶዋን መስመር በእርሳስ የሞላሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ከማንም ጋር አልለውጠውም። መነጽሬን ሳልቀይር ስምንት ወር ቆየሁ፤ ራሴን እያመመኝ ካታሎግ ጻፍኩ። እሱም አልቆጨኝም። እንቅልፍ የነሣኝ ያ የደፋሁት አንገት ነው።

ምክንያቱም ወሬው እኔን ትቶ በራሱ እግር ሄደ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጎረቤቶች ፔኒዋን ሊሳለሙ መጡ። በሦስተኛው ወር የማላውቃት ሴት ከጣርማ በር ድረስ መጣች፤ በግ እንደማይረባላት ነገረችኝና፣ "በእጅሽ ብቻ ዳብሽኝ" አለችኝ። ለአንዷም እውነቱን አልነገርኳትም። "የለችም፣ ሌላ ቦታ አስቀምጫታለሁ" እያልኩ ሸኘኋቸው። ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው። "ትሸፍናታለች፤ የታየው ሰው አይገልጥም" ተባለ።

እንዲህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እትዬ አስካለ አምስት ሊትር ጄሪካን ጠበል ይዘው ቤቴ መጡ። ደረጃዋን ሲወጡ ሁለቴ አርፈዋል። ጉልበታቸው እንደ ድፎ አብጦ ነበር።

"ሳንቲሟን አምጪያት" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። "ከዚህ ውስጥ ትደር። ዘጠኝ ቀን እየጠጣሁ እቀባዋለሁ።"

"የሐኪም ቀጠሮዎ መቼ ነበር?"

"ሰኞ ነው። ትቼዋለሁ። በምላጭ ሊቀዱኝ ነው እሱማ። እመቤታችን ለአንቺ ያሳየችው ለእኔ ጉልበት አይሆንም?"

ሰኞን ለማግኘት አራት ወር እንደጠበቁ አውቃለሁ። ወረፋውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ጠበል ነሐስ ላይ ምን እንደሚያደርግ መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው እሱ ነው፤ አልዋሽም። ቀጥሎ ግን የጉልበታቸውን እብጠት አየሁት።

"እትዬ አስካለ፣ ለእኔ ምንም አልታየኝም" አልኩ።

"ምኑ?"

"ያን ቀን። ሕልምም ራእይም የለም። ሳንቲሟን ፈልጌያት ነው።"

"ለምን ፈለግሻት?"

"ስለሌለችኝ።"

ሳቁ። "አይ ትሕትና! እንዲህ እንደምትይማ ሰምቻለሁ። በይ አምጪያት።"

እውነቱን ስናገርም አልታመንኩም። ተነሥቼ ከአልጋዬ ሥር የጫማ ካርቶኔን አወጣሁ። አሥራ ሰባት ፔኒ፣ እያንዳንዱ በወረቀት ከረጢት፣ ላዩ ላይ ዓመቱና የተገኘበት ቦታ ተጽፎበት። ሽፋን የሌለውን መጽሐፍም አወጣሁ። ሁሉንም አልጋው ላይ ደረደርኩላቸው። ገጹን ከፍቼ፣ በእርሳስ የሞላኋትን መስመር አሳየኋቸው። ቀኑም ተጽፎበታል፤ ጥር ሃያ ሁለት፣ የበዓሉ ማግስት። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸውና ፔኒዋን ከሥሩ ያዝኩላቸው።

"አይታየኝም።"

"ከቁጥሩ በስተግራ ይዩ።"

"...ጉንዳን የሚመስሉ?"

"እነሱ ናቸው።"

እትዬ አስካለ መነጽሩን አስቀመጡ። ካርቶኑን አዩት። የተበሳውን ፔኒ አንሥተው በቀዳዳው አሻግረው እኔን አዩኝ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ።

"እና ለዚህ ነው እመቤታችንን እምቢ ያልሻት?"

"እሷን እምቢ አላልኩም" አልኩ። "እምቢ ያልኩት እናንተን ነው። እሷ መልሺ አላለችኝም። መልሳለች ያላችሁት እናንተ ናችሁ።"

ይህን ያህል ረጅም ንግግር ለእሳቸው ተናግሬ አላውቅም። ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሡም። ጄሪካኑን በእግራቸው ትንሽ ገፋ አድርገው፣ "ግርማ ይሄን ቢሰማ ወፍጮው በራሱ ይቆማል" አሉ። አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

ከዚያ፣ "ጉልበቴስ?" አሉኝ፤ በትንሽ ድምፅ።

"ጉልበትዎ ሰኞ ቀጠሮ አለው። አብሬዎት እሄዳለሁ። ፈቃድ እወስዳለሁ።"

"ተዋርጃለሁ እኮ። ለስንት ሰው ነው ያወራሁልሽ መሰለሽ? ለአንኮበር ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። መምሬ ጽጌ በየበዓሉ ያንቺን ነገር ይሰብካሉ። ለእሳቸው ማን ሊነግራቸው ነው?"

"እኔ" አልኩ።

"መቼ?"

ስልኬን አነሣሁ። የመምሬን ቁጥር የሰጡኝ እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት፤ የምለውን በትክክል እንዲሰሙ ፈልጌ ነው።

መምሬ ጽጌ ማን መሆኔን ሲያውቁ ደስ አላቸው። "ያቺ የታየሽ ልጄ ነሽ?" አሉ። ከኋላቸው ነፋስ ይሰማል።

"አባቴ፣ ለእኔ ያን ቀን ምንም አልታየኝም። የድሮ ሳንቲም እሰበስባለሁ። ያቺ ደግሞ ስትጎድለኝ የኖረች ናት። ለዚያ ነው የወሰድኳት።"



"ታይቶሽ ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር እኮ።"

"ጠይቀውኛል። አንገቴን ደፋሁ። እሱ ውሸት ነው። የንስሐ አባቴ ባይሆኑም የዋሸሁት እርስዎን ነውና፣ ለሱ ቀኖና ይስጡኝ።"

"አርባ ስገጂ" አሉኝ ወዲያው፤ ድምፃቸው ደርቆ። ከዚያ፣ "ሳንቲሟንስ? መቼ ትመልሻለሽ?" አሉ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል።

"አልመልሳትም አባቴ። እሷን ገዝቻታለሁ።"

ስልኩ ውስጥ ነፋሱ ብቻ ቀረ። ዘጉት ብዬ ነበር።

"እንግዲያው ሰማንያ አድርጊው" አሉ።

"እሺ" አልኩ።

ያን ዕለት ማታ እትዬ አስካለን ሸኝቼ፣ ምንጣፉን አንጥፌ ሰማንያውን ቆጥሬ ሰገድኩ። አንድም አላጎደልኩም።